የሚስቴ መቅደስ

እኔ የቀናሁት በእግዚአብሔር ነው። ይህን ስናገር ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያማትባል፤ ሁለቱም አይጠቅመኝም። ሌላው ባል ሲቀና ቢያንስ የሚጣላው ሰው አለው። መንገድ ላይ ጠብቆ በትር ያነሣበታል፣ ዳኛ ዘንድ ይከሰዋል፣ ይህም ቢያቅተው ገበያ ወጥቶ ስሙን ያጠፋዋል። የእኔ ባላጋራ ግን ቤቱ ይታያል እንጂ እሱ አይታይም። ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ፣ ግራር ከበዛበት ጉብታ ላይ የተሠራች ክብ ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስሙን ለማጥፋትም ከእኔ በፊት ብዙዎች ሞክረው አልሆነላቸውም።

ያን ጊዜ አዳማ ከተማ ለመባል ገና ታመነታ ነበር። ባቡሩ ሲደርስ ከተማ ትሆናለች፤ ባቡሩ ሲሄድ ተመልሳ አቧራና ግራር ትሆናለች። እኔ በጣቢያው የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ከአርሲ የሚወርደው ቆዳና ቅቤ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ጨውና አቡጀዲ በእጄ ያልፋል። በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ስለነበር አነባለሁ፤ በግእዝም በፈረንሳይኛም፣ የአማኙንም የከሃዲውንም። በትንሽ ከተማ አንባቢ ሰው ከሁሉም ጋር ይከራከራል፤ የሚሰማው ግን የለም። እኔን የምትሰማኝ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ሚስቴ ነበረች። እንግዲህ እሷን ነው የወሰደብኝ።

ሚስቴ የወለንጪቲ ልጅ ናት። እናቷ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ አባቷ ከቡልጋ የወረደ ሰው ነበር። የተጋባነው በሰማንያ ነው፤ በሽማግሌ ፊት፣ ቢጣሉ በሽማግሌ ፊት በሚፈርስ ውል። በአገራችን ብዙው ሰው የሚጋባው እንዲህ ነው። ሌላው ጋብቻ የቁርባን ነው፤ ባልና ሚስት አብረው ሥጋውንና ደሙን ተቀብለው የሚታሰሩበት፣ ከዚያ በኋላ ከሞት በቀር ማንም የማይፈታው። ሰው ይህን የሚያስበው ጥርሱ መርገፍ ሲጀምር ነው። በሰማንያ ያለ ባለትዳር ጾሙን ይጾማል፣ በዓሉን ያከብራል፣ ቅዳሴ ሲቀደስ ግን ከውጭ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ወደ ውስጥ ዘልቀው የሚቆርቡት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ገና ያልጀመሩና የጨረሱ።

ቤተ ክርስቲያን መመላለስ የጀመረችው እናቷ በሞተች ዓመት ነው። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ነበር። ቀጥሎ የወሩ በዓላት ተጨመሩ። ኋላ በየማለዳው፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ለኪዳን ጸሎት መውጣት ሆነ። ነጭ ቀሚሷንና በመቀነት አስራ ያስቀመጠቻትን ጥሩዋን ነጠላ የምትለብሰው ለዚያ ነበር። ለእኔ የወጥ ቤት ቀሚሷ ይበቃኝ ነበር። እኔን ሰው ፊትም ብቻችንን ስንሆንም «እርስዎ» ትለኛለች፤ እሱን «አንተ» ትለዋለች። አክብሮት እኔ ዘንድ ቀረ፤ መቀራረቡ ወደዚያ ሄደ።

አንድ ማለዳ ነጠላዋን ስታጣፋ ነቃሁ።

«ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው?» አልኳት።

«የማንም አይደል። ኪዳን ላደርስ ነው።»

«ሰማይና ምድርን የሞላ ነው ትላላችሁ። ጣቢያ ሰፈር ሲደርስ ያልቅበታል?»

«እርስዎስ ‹ጣቢያው ሁሉ በእኔ እጅ ነው› አይደል የሚሉት?» አለች ዞር ሳትል። «ሰው ሲፈልግዎ ግን ዕቃ ክፍል ነው የሚመጣው።»

በሩን ዘግታ ወጣች። መልስ ያገኘሁላት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የምነግረው ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ተከትያት ሄድኩ። ልሰልላት አልነበረም፤ ወይም ልሰልላት ነበር፣ ቃሉ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በቅጥሩ በር ገብቼ ከግራሩ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆምኩ። እሷ በስተደቡብ፣ በሴቶቹ በር፣ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደግፋ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ ጨለማ፣ ከጨለማው ወዲያ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት፣ ታቦቱ ያለበት መቅደስ። ያንን መጋረጃ እንዳየችው ማንንም ስታይ አላውቅም። ነፋሱ ወደ እኔ ሲነፍስ ድምፅዋን ሰማሁት፤ «ዋቃ ኮ፣ ዋቃ ኮ» ትላለች።

በእናቷ ቋንቋ «አምላኬ» ማለት ነው። በአማርኛ ስትጸልይ ከሰው ጋር ሆና «አምላካችን» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ያ አላስከፋኝም፣ የሁሉ ከሆነ የማንም አይደለም ብዬ ነበር። ይኼኛው ግን የብቻዋ ነው። ያን ቀን ሥራ ገብቼ የቆዳውን ጭነት በጨው ቦታ አስጫንኩት፤ ሠራተኛው ሁሉ ሲስቅብኝ ይኖራል።

የንስሐ አባቷ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት የመጡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። አልፎ አልፎ ጸበል ሊረጩ ቤታችን ይመጣሉ፤ ረጭተው ሲጨርሱ ይበላሉ፤ በልተው ሲጨርሱ ስለ ሐይቃቸው ያወራሉ። በጥንት ዘመን፣ አገር በጠፋ ጊዜ፣ ታቦተ ጽዮንን አባቶች ከአክሱም አሽሽተው በእነሱ ደሴት እንዳኖሯት ይናገራሉ።

«ታዲያ ለምን ትታችሁ ሄደች?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንግዳ ነበረቻ ልጄ። አገሯ ሰላም ሲሆን ተመለሰች። አንተ ጣቢያ ላይ ተቀምጠህ ሰው ሲመለስ አታይም?»

ሚስቴ ወጥ እየጨመረች ሳቀች። ለእኔ ቀልድ እንዲህ ከሳቀች ቆይታ ነበር። እናም ተነሣሁ፤ በአእምሮዬ ማለቴ ነው። ለወራት ሳበስለው የነበረውን ነገር ሁሉ አወጣሁት። አልኩ፦ ይህ የቤት ነገር ከመጀመሪያው ትክክል አልነበረም። ሰሎሞን ራሱ ቤቱን ጨርሶ በመረቀ ቀን፣ ሰማያት የማይበቁት ጌታ እዚህ ይኖራል ወይ ብሎ ተጠራጥሯል። ያ ቤት ነደደ፤ የተካውም ፈረሰ፤ እግዚአብሔር ግን ቤት አልባ ሆኖ ሲንከራተት አልታየም። ክርስቶስ መጥቶ ቤተ መቅደሱ ሰውነቴ ነው አለ። ሐዋርያው ቀጥሎ እናንተ ናችሁ አለ። እንግዲህ መቅደስ ማለት ሰው ነው። ሣርና ጭቃ አይደለም፣ መጋረጃም አይደለም። እግዚአብሔር የሚያድረው በሰው ውስጥ ከሆነ ሰው ወደ ጉብታው ምን ያስሮጠዋል? ቤቱ ተቀምጦ መቅደስ አይሆንም?

ቄሱ እንጀራቸውን ይዘው ዓይናቸውን ከደን አድርገው ነበር። የተኙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አልተኙም። «ደግ ተናገርክ» አሉኝ፤ «እኛም የምናስተምረው ይህንኑ ነው።»

ሰው ክርክር ሲያሸንፍ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሚስቴ የያዘችውን ድስት መሬት አስቀምጣ ቀስ ብላ ተቀምጣ ነበር።

«አባ» አለች፤ «ሰውስ መቅደስ የሚሆነው በምንድን ነው?»

«በቁርባን ነዋ ልጄ። ሌላ በምን?»

«እንግዲህ» አለች ወደ እኔ ሳታይ፣ «ባለቤቴ እንቁረብ እያሉ ነው።»

ቄሱ ዓይናቸውን ከፈቱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ካወጡት በኋላ ሳልሳለም መቅረት አልቻልኩም። ከወንበሩ ተነሥቼ ተሳለምኩ፤ አላልኩም ለማለት ግን አፌ ተይዞ ነበር። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ እንዲህ አድርጎ ለሚስቴ አሳልፎ ሰጠኝ።

ቄሱ ሲሄዱ «እኔ እንቁረብ አላልኩም» አልኳት።

«ቤቱ ሰው ነው አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ባለቤቱን በር ላይ ሊያቆሙት ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባል ያላት ሴት ብቻዋን አትቆርብም። ወይ ከባሏ ጋር ትቆርባለች፣ ወይ ባሏን ትታ ትመነኩሳለች። ሚስቴ ከበሩ ወዲያ ለመዝለቅ የሚያስፈልጋት የእኔ እሺታ ነበር። ይህ ሲገባኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ባሕርን የከፈለ፣ ፀሐይን ያቆመ አምላክ አንዲት የወለንጪቲ ሴት ወደ ውስጥ ለማስገባት የዕቃ ክፍል ጸሐፊን ፈቃድ ይጠብቃል። ማለዳ ማለዳ ስትወጣ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ሂጂ፣ በር ላይ ነው የምትቆሚው እላለሁ በልቤ። እሱም በውስጥ፣ እሷም በውጭ፣ መዝጊያውም እኔ። እንደዚያ ዓመት ተኝቼ አላውቅም።

እሷ አልተጨቃጨቀችም። ብትጨቃጨቅ እኔ ጎበዝ ነኝ። ክረምቱን ሁሉ ምንም ሳትል ከረመች፤ መስቀል አለፈ፤ እህሉ መታጨድ ሲጀምር አንድ ማታ ራት አቅርባ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እኔ አላስገድድዎትም» አለች። «እርስዎም እኔን አያስሩኝ። ሽማግሌዎቹን እንጥራና ሰማንያውን እናፍርስ። ዝዋይ ወርጄ ቆብ እደፋለሁ።»

«በምን በደልኩሽ?»

«ምንም አልበደሉኝም። ጥሩ ባል ነዎት፤ ያወራሉ እንጂ አይመቱም።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «ከበሩ ላይ መቆም ሰለቸኝ። ይኸው ነው።»

ያን ምሽት የበላሁት ምን እንደነበር አላስታውስም። ሐይቁን አሰብኩ። በታንኳ ስትሻገር፣ ጸጉሯን ስትላጭ፣ ዳርቻው ላይ ቆሜ በእጄ ምንም ሳልይዝ ስቀር አሰብኩ። ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የእሱ ትሆናለች፤ በር የለ፣ መዝጊያ የለ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት አቡጀዲና ላምባ የሚሸጥ የወሎ ሰው ወዳጅ ነበረኝ፤ እስላም ነው፣ እሱም እንደ እኔ ባቡር ሲጠፋ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል። ነገሩን ነገርኩት። እጁን በአፉ ላይ አድርጎ እስኪያስለው ሳቀ።

«ወላሂ እንዲህ ያለ አልሰማሁም! እኛ ዘንድ አራት ማግባት ይቻላል፣ አንተ አንዷን መጠበቅ አቃተህ?»

«በማን እንደተወሰደች ተመልከት እንጂ። የወሰዳት ጎረቤትህ ቢሆንማ!»

«ጎረቤቴ ቢሆን ይሻልህ ነበር? ጎረቤቴ ሲጠግብ ይመልሳታል። ይኼኛው የወሰደውን መልሶ ያውቃል?» ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጨርቁን መጠቅለል ጀመረ። «አንተን ብሆን ምን አደርጋለሁ መሰለህ? ሊወስዳት ከሆነ አብሬ እሄዳለሁ። ሰውዬው እንግዳ አክባሪ ነው ይባላል።»

ምክሩ ምክር መሆኑን አላወቀም። እኔ ግን እየሄድኩ አሰብኩበት። ብንቆርብ እሷ እስከ ሞት ከእኔ ጋር ታሰረች ማለት ነው፤ ያሰራትም ምስክሩም ባላጋራዬ ራሱ ነው። ደሴት የለም፣ ቆብ የለም። ከዚህም በላይ ከጎኗ እቆማለሁ። ያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነገር ምን እንደሚያደርጋት በዓይኔ አያለሁ። እሺ አልኩ። ሚስቴ ስትሰማ እልል አላለችም፤ ብቻ ተነሥታ እግሬን ልታጥብ ውኃ ስታሞቅ አየኋት። ውኃው የሚሞቀው ለእኔ ይሁን ሊገባ ላለው ለሌላው አልለየሁም።

ከመቁረብ በፊት ንስሐ አለ። ቄሱ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሬት። ሌላውን ሌላውን ተናገርኩና በመጨረሻ «እቀናለሁ» አልኩ።

«በማን ነው የምትቀናው?»

«በእግዚአብሔር።»

የሚያባርሩኝ መሰለኝ። በኋላ በዝንብ ጭራቸው ፊታቸውን ጠረግ አደረጉና «እሱም ቀናተኛ ነው፤ ትስማማላችሁ» አሉኝ። ስግደትም ጨመሩብኝ። ለየትኛው ኃጢአት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ወዳጆቼ ልሞት እንደሆነ ጠረጠሩ። የጣቢያው ዘበኛ «ሆድዎን ነው ወይስ ደረትዎን?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ዕድሜ የሚቆርብ ባል በከተማው አልታየም ነበር።

የቁርባኑ እሑድ በጨለማ ሄድን። ሁለታችንም ነጭ ለብሰናል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስንም። ለምን እንደምሄድ ለራሴ የነገርኩት ግልጽ ነበር፤ ከጎኗ ለመቆም። ወራት ሙሉ በሐሳቤ የሳልኩት ሥዕል ይኸው ነበር፤ እኔና እሷ ትከሻ ለትከሻ፣ መጋረጃው ሲገለጥ። ከደጀ ሰላሙ ስንገባ ጫማችንን አወለቅን። እሷ ወደ ደቡብ ዞረች። እኔም ተከተልኳት።

«ወዴት ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ካንቺ ጋር።»

«ይኼ የሴቶች ነው።» ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እርስዎ በሰሜን ነዎት።»

ይህን የማያውቅ የክርስቲያን ልጅ የለም። እኔም አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ በዚያው በሰሜን በር አባቴ እጄን ይዞ አስገብቶኛል። ስለ ቤተ መቅደስ አሠራር ከሙሴ ድንኳን ጀምሮ መናገር የምችል ሰው፣ ወንድና ሴት በየበራቸው እንደሚገቡ ቅናት አስረስቶኝ ነበር። ዞሬ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት ብያለሁ። መቅደሱ ደግሞ በመካከሏ የቆመ አራት ማዕዘን ክፍል ነው፤ ወንዶች በዚህ ጎኑ፣ ሴቶች በዚያኛው። በሰሜን ሆኜ ወደ ሚስቴ ስመለከት የማየው የመቅደሱን ግድግዳ ነበር። እስከ ዛሬ በመካከላችን ገባ እያልኩ ስቃወመው የኖርኩት መቅደስ አሁን በእውነት በመካከላችን ነበር፤ በጭቃና በእንጨት፣ እስከ ጣራው። እሺ ያልኩት ለዚህ ኖሯል። አጠገቤ የቆመው ሽማግሌ የማለቅስ መስሎት በክርኑ ነካ አድርጎ «አይዞህ፣ ኃጢአትህ ይሰረያል» አለኝ።

መጋረጃው ሲገለጥ ወንዶች ቀድመው ተቀበሉ። ከእኔ ፊት አንድ የታዘለ ሕፃን ነበር፤ አፉን እንዲከፍት አፍንጫውን ያዙት። እኔ ሳይይዙኝ ከፈትኩ። ያነበብኩት ሁሉ፣ የአማኙም የከሃዲውም፣ ምላሴ ላይ ላረፈው ነገር የሚሆን አንድ ቃል አልነበረውም። ትንሽ ነበር፤ ትንሽነቱ አስደነገጠኝ። ከዚያ ወደ ጎን ቆምኩና ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አሁን እሷ ጋ ደርሷል። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ «ዋቃ ኮ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። የሰማሁት የክዳኑ ሣር ውስጥ የምትንቀሳቀስ ወፍና የብዙ ሰዎች ባዶ እግር ነው። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀችውን አገኘች፤ እኔ በአንድ ግድግዳ ርቀት ላይ ሆኜ አመለጠኝ።

ቅዳሴው ተፈጽሞ በደጀ ሰላሙ ተገናኘን። የምጠይቃት ብዙ ነበር። ምን ሆነ? ምን አልሽው? ምን አለሽ? ግን የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይሄዳል፤ በከንቱ አይናገርም፤ የተቀበለውን እንደ ያዘ ቤቱ ይገባል። የእሷ አፍ ተሸፍኗል። የእኔም ተሸፍኗል፤ ቄሱ ራሳቸው ነበሩ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ያነሡት፤ ያውቁኛል። የወሎው ሰው ከሱቁ ደጃፍ አየንና «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። «ያ አላህ፣ ይህን ሰው ዝም ያሰኘ!» አለ።

ቤት ደረስን። እንደ ልማዷ ቀድማኝ ገብታ ወንበር ልታስተካክልልኝ ይገባ ነበር። አልገባችም። በሩን ከፍታ ወደ ጎን ቆመች፤ እኔ ሳልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ዝቅ አለችልኝ፤ በትዳራችን ሁሉ እንዲህ ዝቅ ብላልኝ አታውቅም። እግሬ ደፉን ሳያልፍ ነገሩ ገባኝ። አሁን በውስጤ ያለ እንግዳ አለ፤ የሰገደችው ለእሱ ነው። ሚስቴ ቀርታልኛለች፤ እስከ ሞት የእኔ ናት፤ እኔ ግን በገዛ ሰውነቴ እየቀናሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።